ዶክተር አማረችና የአባባ ዋዳ ዛፍ

ከአዲስ አበባ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ ያራገፈኝ ከሰዓት በኋላ ነበር። ለቤተ ሙከራችን ጀርም ማምከኛ ማሽን መለዋወጫ ፍለጋ ሄጄ፣ የለም ተብዬ፣ ባዶ እጄንና ንዴቴን ተሸክሜ መመለሴ ነው። ባጃጅ ስጠብቅ ጠርሙስ አጣቢያችን ጽጌ በገበያው በኩል ብቅ አለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች።

«ማን ሞተ?» አልኳት ሰላምታ ሳላስቀድም።

«አልነገሩህም እንዴ?» አለችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ዶክተርን እኮ ቀበርናት። ትናንት።»

«ለምን አልደወላችሁልኝም?»

«መንገደኛ መርዶ አይነገረውም አሉ። ባዶ ሆዱን አውቶቡስ ውስጥ እንዳይሰማ ብለው ነው። ለአንተው ብለው እኮ ነው።»

መናኸሪያው መሃል ቆሜ ጮህኩባት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ተሳፋሪ መጥራታቸውን ትተው እንዳፈጠጡብኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ምስኪኗ ጽጌ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን በአገራችን ሰው እንዳያዝን ተብሎ የሚደበቅ ነገር ምን እንደሚያደርስ በዓይኔ አይቼ ነበርና መታገሥ አቃተኝ። ዶክተር አማረችን የምወዳት በደግነቷ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ያው ደግነቷ ነው።

አማረች ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ደጋ፣ የጨንቻ ልጅ ናት። ውጭ አገር ተምራ «ዶክተር» ተብላ ስትመለስ ዘመዶቿ መርፌ የምትወጋ መስሏቸው ወገባቸውን እያሻሹ ቤቷን ሞሉት። «እኔ የዕፅዋት ዶክተር ነኝ» ብትላቸው ማን ይስማት! የመጣውን ሁሉ ሻይ አጠጥታ፣ ባጃጅ ጠርታ፣ ራሷ ሐኪም ቤት ታደርሳለች። አንድ ቀን እንኳ «አይ፣ አልችልም» ስትል ሰምቼ አላውቅም። የሥራ አለቃዬ ብትሆንም «አንቱ ካልከኝ ያረጀሁ ይመስለኛል» ብላ አንቺ እንድላት አስገድዳኛለች።

ሥራችን ባጭሩ ይህ ነው። ከአንድ ተክል ጫፍ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ቀንበጥ ይወሰዳል፤ በበረኪና ይታጠባል፤ ጀርም በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ በተዘጋጀለት ምግብ ላይ ይተከላል። ከቀናው ያቺ ቁራጭ ታቆጠቁጣለች፤ ትከፋፈልና ከአንዷ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ቲሹ ካልቸር ይሉታል። ምግቡን የማበስለው እኔ ነኝ፤ ውሃ፣ ማዕድናት፣ ስኳር፣ ፈሳሹን የሚያረጋ ዱቄት። አማረች «ወጥ ሠሪው» ነበር የምትለኝ። «ወጥ ሠሪው፣ ዛሬ ምን ነካህ? ልጆቹ እኮ ቢጫ ሆኑ» ብላ ስትቆጣኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀንበጥ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ሌላ ሰው ትሆናለች። ትንፋሽ ጀርም ይዞ ይወጣልና እዚያ ማውራት ክልክል ነው። ትእዛዟ ሁሉ በቅንድቧ ነበር፤ አንዱ ሲነሳ አልኮል አቀብል፣ ሁለቱም ሲነሱ ውጣልኝ ማለት ነው። አፏን ገጥማ መዝሙር ታንጎራጉራለች። እጇን በአልኮል ብዛት አድርቃው ጣቶቿ እንደ ክረምት ተረከዝ ተሰነጣጥቀው ነበር። «እጅህ ሌባ ነው፤ ሳታውቀው ጀርም ይዞብህ ይገባል» ትላለች። «ንጹሕ ነኝ የሚል ሰው ጠርሙሴን አይንካ» ትላለች።

ለሻጋታ ይህን ያህል ጨካኝ የሆነች ሴት ለሰው ፊቷን ማጥቆር አትችልም። አንድ ቀን ከላይ የመጣ እንግዳ ስናስጎበኝ አንዱን ጠርሙስ አነሳና ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። የወራት ልፋት በአንድ አፍንጫ! እኔ ልፈነዳ ደርሼ ሳለ እሷ ፈገግ ብላ «ይሸታል?» አለችው። እንግዳው ሲሄድ ጠርሙሱን ወስዳ ደፋችው። «ምናለ ብትነግሪው?» ስላት «እንግዳ እኮ ነው፤ ይደነግጥ ነበር» አለችኝ። እኔ ግን እንዲደነግጥ ነበር የምፈልገው።

ቤተ ሙከራው የተቋቋመው ለሙዝ ነው። አርባ ምንጭ ነውና የሙዝ ችግኝ ይሸጣል፤ ሙዝ ሪፖርት ላይም ያምራል። ጠርሙሶቹ በሚቀመጡበት ማደጊያ ክፍል ያለው መደርደሪያ ሁሉ የሙዝ ነበር። አማረች ለምና ለምና አንዲት የታች መደርደሪያ አገኘችና እየጠፉ ያሉ የመድኃኒት ዕፅዋት አስገባችባት። የእሷም አለቃ የሆነው ኃላፊያችን በየስብሰባው «ያቺ መደርደሪያም ለሙዝ ብትሆን» ሲላት «እሺ፣ እናስብበታለን» ትላለች፤ ከዚያ ዝም ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ እቀልድባት ነበር።

ከሁሉም በላይ የምትሳሳለት ጥቁር እንጨት የሚባለው ዓይነት አንድ ዛፍ ነበር። የጥቁር እንጨት ቅርፊት ለሆድ ሕመምም ለሌላም ይፈለጋልና ነጋዴው በየጫካው እየላጠ ጨረሰው። ፍሬው እንደ እህል ጎተራ ገብቶ አይቆይም፤ ቶሎ ካልዘሩት ይሞታል። ያረጀ ዛፍ ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢተክሉትም እሺ ብሎ ሥር አይሰድም። ስለዚህ የቀረው መንገድ ጠርሙስ ነው። ሌላ አገር ጥቁር እንጨት የለም ማለቴ አይደለም፤ ከጨንቻ በላይ ባለው በዚያ ተራራ ግን የቀረው አንድ ብቻ ነበር። «የእያንዳንዱ ተራራ ዛፍ ብርዱንም በሽታውንም የለመደ የራሱ ዘር ነው፤ ይህ ካለቀ የዚህ ተራራው አለቀ» ትለኝ ነበር።

ዛፉ ያለው አባባ ዋዳ የሚባሉ ሽማግሌ በሚጠብቁት የጥንት ጫካ ውስጥ ነው። እዚያ መቁረጥ ጎሜ ነው ይላሉ ጋሞዎች፤ ጎሜ ማለት መጣስ የሌለበት ክልክል፣ ከተጣሰ ለቤተሰቡም ለከብቱም ለዝናቡም መዘዝ የሚያመጣ ነገር ነው። አባባ ዋዳ ደረቅ ጭራሮ እንኳ አያስነሱም። የአማረች አባት ደግሞ ወንጌላዊ ነበሩ። በወጣትነታቸው «ዛፍ አትፍሩ፣ እግዚአብሔርን ፍሩ» ብለው በዚያ አካባቢ ሲሰብኩ ብዙ ሰው የስብከቱን ግማሽ ብቻ ሰማ። ዛፉን መፍራት ተወና መጥረቢያውን አነሳ። አማረች አባቷን በጣም ትወድ ነበር፤ ይህን የነገረችኝም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

ፈቃድ ልንጠይቅ የወጣን ቀን አባባ ዋዳ ቡልኳቸውን ተከናንበው ከቀርከሃ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። እኔ እንድሰማ ብለው በአማርኛ ነበር የሚናገሩት።

«ምን ልትወስጂ መጣሽ?»

«ጫፉን ብቻ አባባ። የጥፍር ያህል።»

«ጥፍርም ጎሜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አባትሽ ጎሜ የለም ብሎ ነበር።»

አማረች ተንበረከከች። «አባባ፣ አባቴ ከተናገረ በኋላ ስንት ዛፍ እንደወደቀ አውቃለሁ። እሱም ኋላ ላይ ያዝን ነበር። ዛሬ ቢኖር ራሱ መጥቶ ይነግርዎ ነበር፤ የለምና እኔ ልናገርለት።»

ጋሞ ዘንድ ጎሜ የሚነሳው ሲናዘዙት ነው። ሽማግሌው ተነስተው የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጩና እጇ ላይ አኖሩት፤ በጋሞኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። ወደ ጫካው ይዘውን ገቡና ራሳቸው በቆልማማ ዱላቸው ቅርንጫፉን ስበው አጎነበሱላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ» እንጂ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም።

ያን ጊዜ የወሰድናቸው ቀንበጦች አስለቀሱን። የሜዳ ዛፍ ቆሻሻው ብዙ ነው፤ ግማሹ ነጭ ሻጋታ ለበሰ፣ ግማሹ ጠቆረ። ደጋግመን ወጥተን፣ እኔም ወጡን ስለዋውጥ፣ በስንት መከራ መደርደሪያዋ ላይ አረንጓዴ ጠርሙሶች ተሰለፉ። አማረች ጠዋት ስትገባ ከሰው በፊት እነሱን ነበር ሰላም የምትለው። ከዚያ መብራት ጠፋ። ጠፍቶ ሰነበተ። የጀነሬተሩ ነዳጅ ፊርማ እስኪሟላለት የአርባ ምንጭ ሙቀት ክፍሉን ምድጃ አደረገው። ሙዙም ጥቁር እንጨቱም በሙቀቱ ሞተ። ለሙዙ በማግስቱ ሌላ እናት ተክል ከማሳ መጣለት። እሷ ጠርሙሶቹን ከጽጌ ጋር ቁጭ ብላ አጠበች፤ ያን ቀን አላንጎራጎረችም። ሲመሽ «ዝናብ ሲጥል አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ዛፉ እስካለ ድረስ ምን አለብን» አለችኝ። አመንኳት።

ዝናቡ ሳይመጣ እሷ ታመመች። ጨጓራ ነው እየተባለ ቆይቶ አዲስ አበባ ስትታይ ዕጢ ሆኖ ተገኘ፤ ዘግይቷል ተባለች። እውነቱን የነገረችው ለእኔና ለጽጌ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ «ጨጓራዬን ነው» ትላለች። እየከሳች፣ ቀሚሷ እየሰፋባት፣ ቢሮ መምጣቷን አልተወችም።

ወሬው ጨንቻ ደረሰና አባባ ዋዳ በዚያ ዕድሜያቸው ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወርደው ቤቷ መጡ። እኔም ልጠይቃት ሄጄ እዚያው ነበርኩ። በኮባ ቅጠል የጠቀለሉትን ከቡልኳቸው ሥር አውጥተው ሰጧት። የጥቁር እንጨት ቅርፊት ነበር።

«አፍልተሽ ጠጪ። አባቴን ከሞት ያተረፈው ይሄ ነው።»

ጽጌ አፈላችው። አማረች ፊታቸው ተቀምጣ ጠጣችው፤ መራራ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና እስከ አተላው ጨረሰችው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይዘው ተመለሱና እንዴት እንደሆነች ጠየቋት።

«ቀለል ብሎኛል አባባ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ሲበራ አየሁት። ከዚያ በኋላ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ቅርፊት ይዘው ይመጣሉ፤ እሷም ትጠጣለች፤ «ቀለል ብሎኛል» ትላለች። አንድ ቀን ደጅ ሸኝተናቸው ስንመለስ ተቆጣኋት።

«ለምን ትዋሺያቸዋለሽ?»

«ከጨንቻ ድረስ ወርደው መጥተው ‹ልፋትዎ ከንቱ ነው› ልበላቸው?»

«ቅርፊቱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀሻቸዋል?»

«ሩቅ ካለ ዘመድ ነው አሉኝ። ከዚያ ጫካ ጭራሮ የማያስነሱ ሰው፣ ምን ታስባለህ?»

እኔም ከዚያ በላይ አላሰብኩም። ማን ያስባል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ዝናቡ በጣለ ጊዜ ቀንበጥ ለመቁረጥ መኪና ለምነን ወጣን። እንዳትመጣ ብለምናት እንቢ አለች፤ በየጠመዝማዛው መኪናው እየቆመ ታስመልስ ነበር። አባባ ዋዳ ከጫካው አፍ ላይ ቆመው ሲያዩን ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ልጄ በእግርሽ መጣሽ!» እያሉ እየመሩ አስገቡን።

ዛፉ ከሥሩ እስከ ሰው ቁመት ተልጧል። ዙሪያውን። ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ አይተርፍም፤ ምግቡ የሚወርደው በዚያ ነው። ቁስሉን በጭቃና በእበት ለቅልቀውለታል፤ ከላይ ግን ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል። አማረች እጄን ያዘች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

«ዋሽቼሻለሁ፤ ከሩቅ ነው ብዬሽ ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ እየተሽኮረመሙ። «መጀመሪያ በዚያ በኩል ትንሽ ብቻ ነው የነካሁት። እሱ ይድን ነበር። ቀለለኝ ስትይኝ ጨመርኩ። ደግሞ ቀለለኝ ስትይኝ ደግሞ ጨመርኩ።»

«ዙሪያውን ከተላጠ እንደሚሞት አያውቁም?» አልኳቸው እኔ።

«አውቃለሁ እንጂ። ጎሜው በእኔ ላይ ነው፤ ተቀብያለሁ። ዛፍና ልጄን አስቀምጬ ሳይ ልጄ በለጠብኝ።»

አሁን ትነግራቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ከአሁን በኋላ ምን ይደበቃል? አማረች ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ» አለች። «ድኛለሁ።»

ከጠወለገው ቅርንጫፍ መሃል እርጥበት የቀረውን ጫፍ እየመረጥን ቆረጥን። ሽማግሌው እንደ ድሮው በዱላቸው እየሳቡ አጎነበሱልን። የዶርዜን መንደር አልፈን ስንወርድ አማረች ጉልበቷ ላይ ተደፍታ ማልቀስ ጀመረች። እንዲያ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ነጋዴ አልገደለውም፣ መጥረቢያ አልገደለውም፣ እኔ ነኝ ቀለለኝ እያልኩ የላጥኩት» ትላለች። እውነቷን ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋው።

በማግስቱ ለመጨረሻ ጊዜ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ቅንድቧን ስታነሳ አልኮል አቀበልኳት። ማንጎራጎር ጀምራ ትንፋሽ አጥሯት ተወችው። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልተነሳችም። ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ሻጋታ ሲመታቸው እየሄድኩ ነገርኳት፤ እኔ መዋሸት አልፈለግሁም፣ እሷም እንድዋሻት አልፈለገችም። አንድ ጠርሙስ ብቻ ቀረ። አረንጓዴ ነው፤ ግን አላደገም፣ ሥርም አላወጣም። ምግቡ ሳያልቅበት አዲስ ላብስልለት ስል ማምከኛው ማሽን ተበላሸ። «ሂድና መለዋወጫውን ፈልግ» ያለችኝ እሷ ናት። ጉንጯን ስሜ ወጣሁ፤ ስመለስ መናኸሪያው ላይ ጽጌ የነገረችኝን ሰማሁ።

የሐዘኑ ድንኳን ከተነሳ በኋላ አባባ ዋዳ ቤተ ሙከራው ድረስ መጡ። ቀብሩ ላይም እንደነበሩ ጽጌ ነግራኛለች። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቀለለኝ ብላኝ ነበር» አሉኝ። «ድኛለሁ ብላኝ ነበር። ዋሸችኝ?»

ጽጌ ከኋላቸው ሆና በዓይኗ ለመነችኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ምን አለበት፣ መድኃኒቱ ዕድሜ ጨምሮላት ነበር በላቸው ማለቷ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በቅቶኝ ነበር።

«አዎ አባባ። እንዳያዝኑ ብላ ነው።»

«ታዲያ ዛፉን ለምን ገደልኩት?»

አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ቆይተው ፊታቸውን በቡልኳቸው ጫፍ አበሱና «በጠርሙስ አለ ብላ ነበር። አሳየኝ» አሉኝ። ወደ ክፍሉ ሰው አናስገባምና በመስታወቱ አሳየኋቸው። በዚያ ሁሉ ሙዝ መካከል ጠፋባቸው። በጣቴ ጠቆምኩላቸው፤ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው አዩት።

«ይድናል?»

«አላውቅም አባባ» አልኳቸው። «ሥር አላወጣም። ሻጋታ ሊይዘው ይችላል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ማሽናችንም ተበላሽቷል፤ አዲስ ምግብ በጽጌ የግፊት ድስት ላበስልለት ነው። ላይሆን ይችላል።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው አልሄድም» አሉና ቡልኳቸውን ሰብስበው ከማደጊያው ክፍል በር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጽጌ ወንበር ብታመጣላቸው እንቢ አሉ። ኃላፊያችን ከቢሮው ወጥቶ አያቸውና እኚህ ሰውዬ ማናቸው፣ እዚህ ምን ይሠራሉ ብሎ ጠየቀኝ።

«የጫካው ጠባቂ ናቸው» አልኩት።